ሁላችንም አይተነዋል

እናቴን በመንደራችን «የሬዲዮዋ ግሌኒስ» ነበር የሚሏት። ወጥ ቤታችን ውስጥ፣ ማቀዝቀዣው አጠገብ፣ የዳቦ ሳጥን የሚያህል ግራጫ ሬዲዮ ነበር። ሎብስተር የሚባለው ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ በሚታደንበት ወራት ጀምበር ልትጠልቅ ስትል እናቴ እጇን በፎጣ አድርቃ፣ ወንበሯን ስባ ትቀመጥና ባሕር ላይ የሚያድሩትን ጀልባዎች አንድ በአንድ በስማቸው ትጠራለች። ከማዶ፣ ከነፋስና ከሞተር ጩኸት መሀል፣ የወንዶች ድምፅ ይመጣል። «አለሁ ግሌኒስ፤ ደህና ነኝ።» «አለሁ ግሌኒስ፤ ሚስቴን ድንቹን ጣጂው በያት።» ሁሉም ሳይመልሱ ቤታችን ራት አይቀርብም። ስምንት ዓመቴ ነበርና፣ ጀልባዎቹ ወደ ወደቡ የሚመለሱት እናቴ ስለምትጠራቸው ይመስለኝ ነበር፤ ዶሮዎቻችን ስትጠራቸው እየተንጋጉ እንደሚመጡት።

መንደራችን ከአደላይድ ከተማ የግማሽ ቀን የመኪና መንገድ የሚርቅ የባሕር ዳርቻ ነው። ከእኛ በስተደቡብ እስከ በረዶው ዋልታ ድረስ ውሃ ብቻ ነው። አባቴ ኔቪል «ዶሮቲ ሜይ» የምትባል ጀልባ ነበረችው። አብሮት የሚሠራው ኮሊን ኖስኬ የሚባል የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነው፤ ለወይዘሮ ኖስኬ፣ ከመንገዳችን ጫፍ ላሉት ባልቴት፣ አንድ ልጃቸው። ኮሊን ባየኝ ቁጥር «አንቺ አጭሬ፣ መቼ ነው የምታገቢኝ?» ይለኛል። «ጥርስህን ስትፍቅ» እለዋለሁ። ይህ ቀልድ ሁለታችንንም አልሰለቸንም ነበር።

የዚያን ቀን፣ መጋቢት ወር ላይ፣ ሌሎቹ ጀልባዎች በጊዜ ገብተዋል። አባቴና ኮሊን ግን ወደ ውጭኛው ዐለት ወጥተው እዚያው ሊያድሩ ነበር። ወራቱ ሊያልቅ ሲል ሎብስተሩ ወደ ጥልቁ ይሸሻልና ካልተከተሉት አይገኝም።

ጀምበር ስትጠልቅ እናቴ እንደ ልማዷ ተቀመጠች።

«ዶሮቲ ሜይ፣ ዶሮቲ ሜይ። ኔቪል፣ ትሰማኛለህ?»

ሬዲዮው የጋለ ዘይት ላይ ውሃ ጠብ ሲል የሚያሰማውን ድምፅ አሰማ። ሌላ ምንም የለም። ቁልፉን አዟዟረች፤ በመዳፏ ጎኑን መታችው። የጎረቤት ወደቦችን ጠራች፤ እነሱም የሉም። ሌላ ጊዜ ሌሊት ሙሉ የሚለፈልፈው የአየር ጠባይ ተናጋሪ እንኳ ዝም ብሏል።

«ይኼን ዕቃ ዛሬ ምን ነካው?» አለች።

ለእኔ የበግ ጥብስና አተር አቀረበችልኝ። እሷ አልበላችም። ተመልሳ ቁጭ አለችና «ዶሮቲ ሜይ» ማለቷን ቀጠለች። ድምፅዋ ላይ ምንም ፍርሃት አልሰማሁም። ሬዲዮ መበላሸት ያለ ነው፤ አባቴም ውጭ ማደሩ ያለ ነው።

ሳህኔን ሳልጨርስ የእሳት አደጋው ሳይረን ጮኸ። ሳይረኑ ሲጮኽ ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ይወጣል፤ የእኛ መንደር ሰው ደረቅ ሣር ሲነድ ያደገ ነው። እናቴ «አንቺ ከዚህ እንዳትነቃነቂ!» አለችኝ። እኔ ግን በጓሮ በኩል ሹልክ ብዬ ጎረቤቶቻችንን ተከትዬ ወደ አሸዋው ጉብታ ሮጥኩ።

በደቡብ በኩል ሰማዩ ቀልቶ ነበር።

መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ነበር፤ አመድ ስር እንዳለ ፍም። ከዚያ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ቀይ፣ ከቀዩ መሀል ነጣ ያሉ ረጃጅም ዘንጎች፣ ቀስ እያሉ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄዱ። ውሃው ከስሩ የደም መልክ ይዟል። የሰው ፊት ሁሉ ቀልቷል። ምንም ድምፅ የለውም። ያ ነበር የሚያስፈራው፤ እሳት የሚያክል ነገር ድምፅ አልባ ሲሆን።

«መርከብ ነው! ነዳጅ የጫነ መርከብ!» አለ አንዱ።

የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎቹ አለቃ ክላይቭ ቶንኪን ነበር፤ ሥራው መኪና መጠገን ነው። ገና ከእጁ ላይ ቅባት ሳይጠርግ ቆቡን ደፍቶ መጥቷል። «እናንተ ወንዶች፣ ምን ትገተራላችሁ? ጀልባ ፍቱ! ሰው አለ እዚያ!» ብሎ ጮኸ። አራት አምስት ሰዎች ወደ ወደቡ ሮጡ። ሞተር ሲነሳ ሰማሁ።

ያን ጊዜ ነው መምህርታችን ሚስ ፔንሮዝ በነጠላ ጫማዋ እየተንደረደረች የመጣችው።

«ቆዩ! ቆዩ እሳት አይደለም! የዋልታ ብርሃን ነው!» አለች፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «በሰሜን የዓለም ጫፍ እንደሚታየው ማለት ነው፤ በእኛም በኩል አለ። እዚህ ድረስ አይመጣም እንጂ! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስመኘው የኖርኩት ነገር ነው፣ እባካችሁ ዝም ብላችሁ እዩት!»

ከዚያ አንዱ ሳቀ፣ ቀጥሎ ሁሉም ሳቀ። የተነሳው ሞተር ጠፋ።

«ክላይቭ፣ ቱቦህን ዘርጋና አጥፋው እንጂ!»

«መሰላል ይምጣለት!»

«አፋችሁን ዝጉ፣ እናንተም ሮጣችኋል» አለ ክላይቭ፣ እሱም እየሳቀ።

ከዚያ በኋላ ድግስ ሆነ። ቢራ መጣ፣ ብርድ ልብስ መጣ፤ ሕፃናት በፒጃማ መጡ። ያን ያህል ሰው በአንድ ላይ ደስ ብሎት አይቼ አላውቅም።

እናቴ ግን አልመጣችም፤ ሬዲዮዋ ጋ ነበረች። ሄደው ያመጧት ወይዘሮ ኖስኬ ናቸው። ከጉብታው ወርደው በበራችን ሲጣሩ እኔም ሰምቻለሁ። «ግሌኒስ! ነይ ውጪ እባክሽ! ይኼን ሳታዪ ብትቀሪ ይቆጭሻል። ዕቃው እንደሆነ ዝም ብሎ ይንጫረራል፣ ምን ታደርጊለታለሽ?» በኋላ ይህን ያነሳ ሰው የለም። እሳቸውም ጭምር። የረሱት ይመስለኛል፤ ሰው መርሳት ያለበትን ይረሳል።

እናቴ መጣች። ከቤት መውጣቴን አይታ በዓይኗ ቆጣ አለችኝ እንጂ አልተናገረችኝም። ሹራቧን ከፍታ ከፊቷ አቆመችኝና በሹራቧ ጠቀለለችኝ። ወይዘሮ ኖስኬ ከጎኗ ቆመው ክንዷን ይዘዋል። እንደዚያ ሆነን ለረጅም ጊዜ አየን። ልጅ ስለሆንኩ ሰማዩን አይቼ ሰለቸኝና ዓይኔን ወደ ታች፣ ወደ ውሃው ጥግ መለስኩ።

ከዚያ ነው ያየሁት። ከቀዩ ስር፣ ከቀዩ የባሰ የቀላ፣ የክብሪት ራስ የምታክል ነገር ከባሕሩ ተነሳች። ወደ ላይ ወጣች፣ ቆመች። ከዚያ በክር እንደታሰረ ነገር ቀስ እያለች ወረደች።

«እማዬ» አልኩ፣ «ኮከብ ከባሕር ወጣ።»

ትከሻዬ ላይ ያለው እጇ ጠበቅ አለ።

«ብርሃኑ ነው የኔ ልጅ» አለች። «ዝም ብለሽ እዪ።»

እኔም ዝም ብዬ አየሁ።

በማግስቱ ዶሮቲ ሜይ አልገባችም። ሬዲዮው መናገር ጀምሮ ነበር፤ የአየር ጠባዩ ሰውዬ ተመልሶ ይለፈልፋል፤ አባቴ ግን አልመለሰም። ጀልባዎቹ ሁሉ ሊፈልጉ ወጡ። የበረዶ ሳጥኗ ክዳንና ጥቂት የተሰባበረ ሳንቃ ተገኘ። ሞተሯ ቆሞ ወደ ዐለቱ ሳትነዳ አልቀረችም አሉ። ኮሊንን ከሳምንት በኋላ ከእኛ በስተምሥራቅ ካለው የባሕር ዳርቻ አመጡት። አባቴ አልተገኘም። አለመገኘቱ ለእኔ መልካም ዜና ነበር። አባቴ ያን ብርሃን ከቅርብ ሊያይ እንደሄደ፣ ሲበቃው እንደሚመለስ ቆረጥኩ። ኮሊን ስላልቻለ ተመለሰ፤ አባቴ ብርቱ ስለሆነ ሄደ።

በመጀመሪያው ሳምንት ቤታችን በምግብ ተሞላ። በሸክላ ድስት የተጋገረ ሥጋ፣ ኬክ፣ የተቀቀለ ፍሬ። ከዚያ ድንገት ቆመ። እኔ የመሰለኝ ሳህን ያለቀባቸው ነው፤ እናቴ የሰዉን ሳህን አጥባ አልመለሰችማ።

ሱቅ ስላክ ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ዝቅ ቢያደርጉም እሰማለሁ።

«ጥላው ወጣች።»

«ጥላው?»

«ብርሃን ልታይ! ጥላው ወጣች አልኩሽ። እሱ እዚያ እየጠራት ይሆናል።»

ነገሩ አልገባኝም። እናቴ አባቴን መቼ ጥላው ወጣች? ጥሎን የወጣው እኮ እሱ ነው። ይህን ለባለሱቋ ላስረዳት ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ እሷ ግን ከረሜላ ሰጠችኝና «ሂጂ የኔ ቆንጆ» አለችኝ።

ትምህርት ቤት ዌይን የሚባል ልጅ አዲስ ጨዋታ አመጣ። ውሃ በአፉ ሞልቶ፣ ጉሮሮውን እያንቆረቆረ፣ «አለሁ ግሌኒስ፣ ደህና ነኝ» ይላል። ልጆቹ ይስቃሉ። እኔም ሳቅሁ፤ የሬዲዮውን ድምፅ አስመስሎት ነበር። እንዲያውም ራት ላይ ለእናቴ አሳየኋት። ውሃ በአፌ ሞልቼ አንቆረቆርኩላት። ሹካዋን አስቀመጠች። «ማን አስተማረሽ?» ብላ ጠየቀች። ነገርኳት።

ጀልባዎቹ ወደ ሥራ ሲመለሱ እናቴም ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ጀምበር ስትጠልቅ እጇን አድርቃ ትቀመጥና አንድ በአንድ ትጠራቸዋለች። ማንም አይመልስላትም። አንዱን ትጠራለች፣ ትጠብቃለች፤ ወደ ሌላው ታልፋለች። ሁሉንም ጠርታ ስትጨርስ ራት ታቀርባለች።

«ብርሃኑ ነው የሰበረው አይደል?» አልኳት አንድ ቀን።

«አዎ» አለች። «ብርሃኑ ነው።»

ሬዲዮው ደህና ነበር። ጀልባዎቹ ሌላ መስመር ይዘው ከክላይቭ ቶንኪን ሚስት ጋር ነበር የሚነጋገሩት። እናቴም ይህን ታውቅ ነበር፤ ቁልፉን አንድ ጊዜ ብታዞረው ሁሉንም ትሰማቸው ነበር። አላዞረችውም። ዛሬ ሳስበው እነዚያን ስሞች ለባዶ አየር የምትጠራው ለራሷ የቆረጠችው ቅጣት ነበር። ያኔ ግን ታታሪነቷ ያኮራኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ወይዘሮ ኖስኬ ማምሻውን ከአጥራችን በር ውጭ መቆም ጀመሩ። ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ የወጥ ቤታችንን መስኮት እያዩ ይቆማሉ። እናቴ ጠርታ ስትጨርስ ይሄዳሉ። ልጃቸውን በሬዲዮ ሊያነጋግሩ ወረፋ የያዙ መሰለኝ። ኮሊን መቀበሩን አውቃለሁ፤ ግን ስምንት ዓመት ላይ ሰው መቀበሩን ማወቅና መሞቱን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አሳዘኑኝ። አንድ ማታ የሎሚ ጭማቂ በብርጭቆ ቀድቼ ይዤላቸው ወጣሁ።

«ተራዎን እየጠበቁ ነው?» አልኳቸው።

ብርጭቆውን ተቀበሉኝ። ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«አዎ» አሉ። «ተራዬን ነው የምጠብቀው።»

አልጠጡትም። እንደያዙት ቆሙ። እናቴ በመስኮት «ብሮንዊን! ግቢ!» ብላ ጮኸች። እንደዚያ ሆና ጠርታኝ አታውቅም። ሮጬ ገባሁ። ጠዋት ብርጭቆው እስከ አፉ እንደሞላ የአጥሩ ምሰሶ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ጉንዳን ገብቶበታል።

የሎብስተር ወራት ተዘጋ፤ ክረምት ገባ። ወራቱ ሲከፈት ያው ሆነ፤ እሷ ትጠራለች፣ የሚመልስ የለም፣ ወይዘሮ ኖስኬ በሩ ላይ ናቸው።

ኅዳር ላይ የአደጋው ጉዳይ በቅርባችን ባለው ከተማ ፍርድ ቤት ታየ። እኔን ሚስ ፔንሮዝ ቤት ትተውኝ ሄዱ። የተባለውን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አንድ የሬዲዮ ሊቅ ከአደላይድ መጥቶ አስረዳ። ሰማዩን ያቀላው ከፀሐይ የመጣ ማዕበል ያን ምሽት የባሕሩን ዳርቻ ሬዲዮ ሁሉ አፍኖ ነበር። ዶሮቲ ሜይ ብትጮኽም የሚሰማት አልነበረም። እናቴ ሬዲዮው ላይ ተጋድማ ብታድር እንኳ ከጫጫታ በቀር ምንም አትሰማም ነበር። ዳኛውም በወይዘሮዋ ላይ አንዳች ጥፋት አላገኘሁም አሉ።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ የቤታችን በር ተንኳኳ። ሰው መጣ። ሳህኖቹም ተመለሱ። ክላይቭ ቶንኪን ቆቡን በእጁ እያሽከረከረ «ግሌኒስ፣ እንግዲህ… ምን ልበልሽ» አለና ሄደ። ሚስቱ አለቀሰች። እናቴ ለሁሉም ሻይ ቀዳች። ፊቷ ላይ ደስታ እንደሚመጣ ስጠብቅ አልመጣም።

ሰዉ ሲወጣ ወይዘሮ ኖስኬ ገቡ። ካፖርታቸውን አልለበሱም፤ የማር ብስኩት በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። እኔ ጠረጴዛው ስር ነበርኩ፤ ጫማቸውን ነው የማየው።

«ይቅር በይኝ» አሉ። «በገዛ በርሽ ላይ ቆሜ ረግሜሻለሁ። ክረምቱን ሙሉ። አንቺም ባልሽን አጥተሽ።»

«ኤልፍሪዳ፣ ተቀመጪ።»

«ይቅር በይኝ ካላልሽኝ አልቀመጥም።»

«ኤልፍሪዳ፣ ስሚኝ። አንድ ነገር አለ። እኔ…» እናቴ ቆም አለች። «እኔ አይቼዋለሁ።»

«ሁላችንም አይተነዋል፣ ግሌኒስ» አሉ ወይዘሮ ኖስኬ። «ማን ያላየ አለ? እንዴት ያምር ነበር! ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው። ልጄ እዚያ እየሞተ እኔ እንዴት ያምራል እያልኩ ነበር።»

የጠረጴዛው ሰዓት ሲሄድ ይሰማል። ከዚያ የወንበር መሳብ ሰማሁ፣ የእናቴም ጫማ ወደ ወይዘሮ ኖስኬ ጫማ ተጠጋ። ተቃቅፈው ነበር። ብስኩቱን ኋላ እኔ ጨረስኩት።

ማምሻውን ሬዲዮው ራሱ ተናገረ። እናቴ ገና ሳትቀመጥ። «ግሌኒስ፣ አለሁ፤ ደህና ነኝ።» ሌላው፣ ሌላው፣ ሌላው። እስከ ዛሬ የጠፉት ሁሉ።

«እማዬ ዳነ!» ብዬ ዘለልኩ። «ሬዲዮው ዳነ!»

እናቴ መሀል ወለሉ ላይ ቆማ አዳመጠቻቸው። ሁሉም እስኪጨርሱ። አንዱ «ግሌኒስ፣ አለሽ?» ብሎ ጠየቀ። ሄዳ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለችው። በማግስቱ ሬዲዮውን ተሸክማ ለክላይቭ ሚስት ሰጠች። ዓመቱ ሳያልቅ ቤቱን ሸጠን ወደ አደላይድ ሄድን።

መንደሩ «ቂመኛ ናት» አላት። «ይቅርታ ተጠይቃም እንቢ ያለች።» እኔም እንደዚያ አምኜ አደግሁ፤ እንዲያውም አባቴ ሲመለስ የት ያገኘናል ብዬ ለብዙ ጊዜ አኩርፌያት ነበር።

ሠላሳ ዓመት አልፎኝ፣ ባሌ አሮጌ ጀልባ ገዝቶ፣ የባሕር ደህንነት ትምህርት የሚሰጥበት ቦታ ሄድን። አስተማሪው «ይኼ የድረሱልኝ ርችት ነው፤ ችግር ሲገጥማችሁ እንዲህ ትተኩሳላችሁ» ብሎ ገመዱን ሳበው። የክብሪት ራስ የምታክል ቀይ ነገር ወደ ላይ ወጣች፣ ቆመች። ከዚያ በክር እንደታሰረች ቀስ እያለች ወረደች። አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩ። ባሌ ፀሐይ የመታኝ መስሎት ውሃ አመጣልኝ።

እናቴን አልጠየቅኋትም። ምን ብዬ? አሥር ዓመት ያህል ይህን በሆዴ ይዤ እሑድ እሑድ ምሳ አበላኋት።

ከዚያ በቅርቡ፣ ግንቦት ላይ፣ ሰማዩ ዳግመኛ ቀላ። አደላይድ ሳይቀር ታየ። ጎረቤቶቼ ሁሉ ስልካቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው መንገድ ላይ ወጡ። እናቴ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነበር። ልጄ «አያቴ፣ ነይ ውጪ!» እያለ ሲጎትታት እጇን አስለቅቃ ወደ ክፍሏ ገባች። ተከተልኳት። መጋረጃውን ዘግታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማዬ» አልኩ፣ «ያን ጊዜ ከባሕር የወጣችው ኮከብ…»

«አንቺ ያየሽው ሁለተኛውን ነው» አለች።

ይህን ስትናገር አላየችኝም። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እሱን ነበር የምታየው።

«ሁለተኛውን አንቺ ስትነግሪኝ ልቤ ዐውቆት ነበር። ካመንኩት እውነት ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ጀልባ ለመፍታት ጊዜ ነበር፤ ወንዶቹ አስነስተው ያጠፉት ሞተርም ገና አልበረደም።»

«የመጀመሪያውስ?»

«የመጀመሪያውን ያሳየችኝ ኤልፍሪዳ ናት። ክንዴን ይዛ በጣቷ ጠቆመችልኝ። 'ያቺን እዪያት ግሌኒስ፣ ያቺን ትንሿን፣ እንዴት ታምራለች' አለችኝ።»

ውጭ ልጆች ይጮሃሉ፤ አንድ ሰው ያፏጫል። የመጋረጃው ጠርዝ ቀይ ነበር።

«ያን ቀን ብስኩት ይዛ ስትመጣ ልነግራት ነበር» አለች። «አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አይቼዋለሁ ማለት አየነው፣ ያሳየሽኝም አንቺ ነሽ ማለት መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።»

ወይዘሮ ኖስኬ ካረፉ ብዙ ዘመናቸው ነው።

«ሳያውቁ ሞቱ?» አልኳት።

«ሳታውቅ» አለች እናቴ። «እሱን እንኳ አደረግሁላት።»